«ሻለቃ መቼ ነው የምትሆኚው?»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አነባለሁ፤ ጽፌ ግን አላውቅም። ዛሬ የጻፍኩት ለምቀርበው ሰው ማውራት ስላቃተኝ ነው።

38 ዓመቴ ነው። አሜሪካ የመጣሁት በ19 ዓመቴ በዲቪ ነው። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ሜሪላንድ እንኖራለን። በሥራ ቀን ሆስፒታል ውስጥ የዕቃ ግዢና ስርጭት ክፍል እሠራለሁ። ከዚያ ውጭ በአሜሪካ ተጠባባቂ ጦር ውስጥ የሎጂስቲክስ ሻምበል ነኝ። ስገባ ተራ ወታደር ነበርኩ። አራት ዓመት እንዲያ ካገለገልኩ በኋላ ዲግሪዬን ጨርሼ፣ ዜግነት አግኝቼ፣ የመኮንንነት ኮርስ ወሰድኩና ምክትል መቶ አለቃ ሆንኩ። በድምሩ 15 ዓመት ሞልቶኛል።

ባለፈው የሻለቃነት ቦርድ ቀርቤ አላለፍኩም። ዝርዝሩ የወጣ ቀን ሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቁጭ ብዬ በስልኬ ነው ያየሁት። ስሜን ሦስት ጊዜ ፈለግኩት። አብረውኝ ኮርስ የወሰዱ ልጆች አሉበት። እኔ የለሁበትም። ፊቴን ጠርጌ ሥራ ገባሁ። ማታ እራት አቀረብኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ለባለቤቴ የነገርኩት ከሳምንት በኋላ ነው። «ተያቸው በቃ። ፋሲካን እንኳ ከልጆችሽ ጋር ሳትውይ ያገለገልሻቸው ሰዎች ናቸው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሁለት ጊዜ ድሪል፣ ማለትም በየወሩ ቅዳሜና እሁድ የምንሄድበት ልምምድ፣ ፋሲካ ላይ ውሎብኛል። ግን «ተያቸው» ሲለኝ አንድ ነገር ውስጤ ተቆረጠ።

እውነቱን ልናገርና ጥፋቱ የራሴም ነው። ሁለት ዓመት የትራንስፖርት ሻምበል ጦር አዝዣለሁ። በሥራ ዘመኔ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። ከአዛዥነት ስወጣ ግን ነፍሰ ጡር ነበርኩ። የመጨረሻው የምዘና ሪፖርቴ የበላዬ ሌላ ቦታ ሲዛወር እዚያው ቀረ። ቦርዱ ከመሰብሰቡ በፊት «ፋይልሽን አይተሽ አረጋግጪ» የሚል ኢሜይል መጥቶልኝ ነበር። አልከፈትኩትም። ሕፃኑ ገና አምስት ወሩ ነበር። ደግሞ አንድ የቆየ ምዘና ላይ «የንግግር ችሎታዋን ብታሻሽል» የሚል አለ። እውነት ለመናገር አነጋገሬ ይሆን እንዴ እያልኩ ሌሊት እነቃለሁ።

ከሁሉ የሚከብደኝ አባቴ ናቸው። በቀድሞው ሠራዊት ሻለቃ ባሻ ነበሩ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጃቸውን ቤት ገቡ። ትምህርት ቤት ጥበቃ ሆነው ነው ያሳደጉን። አሁን አዳማ ናቸው። በደወልኩ ቁጥር «እሺ ሻምበል፣ ሻለቃ መቼ ነው የምትሆኚው?» ይሉኛል። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። እስካሁን አልነገርኳቸውም። ስልክ መደወልም እየቀነስኩ ነው።

ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ሻምበሏ፣ ከሜሪላንድ

እህቴ፣

እንደ ታናሽ እህቴ ስላየሁሽ «አንቺ» ልበልሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆምኩ። ስምሽን ሦስት ጊዜ ፈለግሽ፣ ፊትሽን ጠረግሽ፣ ሥራ ገባሽ። ማታ እራት አቀረብሽ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ዝም። ወደ ፋይልና ወደ ሕጉ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለዚህ ነገር በደንብ አልቅሰሻል? ለ15 ዓመት የለፋሽበት ነገር ነው። ስም ዝርዝር ውስጥ አለመገኘት ለሌላው ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ላንቺ ትንሽ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ካላዘኑለት ቂም ይሆናል፤ ቂም ይዞ ደግሞ «ልተው ወይስ ልቀጥል» ብሎ መወሰን ከባድ ነው።

እኔ ወታደር አይደለሁም። ስለዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት በዚሁ ጦር ውስጥ ያገለገሉ ሰዎችን ጠይቄያለሁ፤ ሕጉንም አንብቤያለሁ። ሁሉም መጀመሪያ የነገሩኝ አንድ ነገር ነው። ቦርዱ አንቺን አያውቅሽም። ከፊቱ የሚቀርበው የምዘና ሪፖርቶችሽ፣ የትምህርት ማስረጃዎችሽና የሥራ ታሪክሽ የተጻፈበት ገጽ ነው። በብዙ ሰው ፋይል መካከል ላንቺ የሚደርስሽ ጥቂት ደቂቃ ነው። ዝናብ ላይ ቆመሽ መኪና ያሰለፍሽበትን ሌሊት አያዩም። ወታደርሽ ቤተሰቡ ሲታመምበት የደወልሽለትን አያዩም። ያልተጻፈ ነገር ለእነሱ አልተሠራም።

አሁን ያንን እያሰብሽ የራስሽን ፋይል እዪው። በሻምበልነት ዘመን ከሁሉ የሚፈለገው አዛዥነት ነው። አንቺ አዝዘሻል። ግን የአዛዥነትሽ መጨረሻ ወረቀት የለም። አንባቢው የሚያየው ጥሩ ጅምር፣ ከዚያ ባዶ፣ ከዚያ ሌላ ዩኒት ነው። ነፍሰ ጡር እንደነበርሽ አያውቅም። የበላይሽ እንደተዛወረ አያውቅም። ባዶውን በራሱ ግምት ይሞላዋል፣ ወይም ወደሚቀጥለው ፋይል ያልፋል። ይኼ ጉድለት ብቻውን ለመውደቅሽ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ መሆን አንችልም፤ ቦርዱ ምክንያቱን አይናገርም። ግን ማስተካከል የምትችይው ነገር ፊትሽ ቁጭ ብሏል። ሌሊት የሚያነቁሽ ሐሳቦች ሁሉ እንደዚህ የሚጨበጡ አይደሉም።

ስለ ኢሜይሉ እውነቱን ልንገርሽ፤ ሌላ ቦታ ከምትሰሚው እኔ ብነግርሽ ይሻላል። ፋይል ላይ ከባድ ስህተት ወይም ጉድለት ከነበረ ልዩ ቦርድ እንደገና እንዲያይ መጠየቅ ይቻላል። መኮንኑ በተለመደ ጥንቃቄ ሊያገኘውና ሊያስተካክለው ይችል የነበረ ጉድለት ከሆነ ግን ጥያቄው ብዙ ጊዜ አይሳካም። አንቺ ደግሞ «አረጋግጪ» ተብለሽ አላረጋገጥሽም። ስለዚህ በዚያ በር ላይ ብዙ ተስፋ እንድትጥዪ አልፈልግም። የሕግ ባለሙያ ግን ጠይቂ። ጦሩ ውስጥ የሕግ መኮንኖች አሉ፤ ለመጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም። ከዚህ ውጭ ለዚያ ኢሜይል ራስሽን መግረፍ ይብቃሽ። የአምስት ወር ሕፃን ይዘሽ፣ ሆስፒታል እየሠራሽ ያልተከፈተ ኢሜይል ነው። ጥፋት ነው፤ የሚታረም ጥፋት።

አነጋገርሽ ይሆን ብለሽ ለጠየቅሽው «አይደለም፣ እርሺው» ብዬ ላሳልፈው አልችልም። የማውቀውን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 የአሜሪካ ምድር ጦር የማዕረግ ቦርዶች የመኮንኑን ፎቶግራፍ ማየት አቆሙ። ዘርንና ጾታን የሚገልጹ መረጃዎችም ያኔ ከሚያዩት ገጽ ላይ ተነሡ። ያ የተደረገው ፎቶ የሰውን ሐሳብ እንደሚያዛባ ጦሩ ራሱ ስላመነ ነው። የገምጋሚው ቃል ግን እንዳለ ቦርዱ ፊት ይቀርባል። «የንግግር ችሎታዋን ብታሻሽል» የሚለውን የጻፈው ሰው ምን ለማለት ፈልጎ ነው? በስብሰባ ላይ ዝም ማለትሽን ነው? አጭር ማብራሪያ አለመስጠትሽን ነው? ወይስ የአማርኛ ለዛ ያለውን እንግሊዝኛሽን? ያን ጊዜ አብሮሽ የነበረ፣ የምታምኚው መኮንን አለ? እስቲ እሱን ጠይቂው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻሽን አትፍረጂ። አድልዎ ነበር የሚያሰኝ ማስረጃ ካገኘሽ በምዘና ሪፖርት ላይ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ጊዜው ግን ሪፖርቱ ከሚሸፍነው የመጨረሻ ቀን አንሥቶ ሦስት ዓመት ነው። ስለዚህ ቀኑን ዛሬውኑ እዪው።

አሁን ወደ ጊዜው ልሂድ፤ ይኼኛው በጣም ያሳስበኛል።

የተጠባባቂ መኮንኖች ዕድገት የሚመራው በሕግ ነው። ዋናው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። አንድ ጊዜ አለማለፍ ምንም አያስቀጣም፤ በሚቀጥለው ቦርድ እንደገና ትቀርቢያለሽ። ሁለተኛ ጊዜ ያላለፈ ሻምበል ግን ውጤቱ ከጸደቀ በኋላ እስከ ሰባተኛው ወር መጀመሪያ ድረስ ይሰናበታል። ጦሩ ስለሚያስፈልገው በተለየ ውሳኔ የሚያቆየው ሰው አለ፤ ያ ግን በጦሩ ፍላጎት የሚወሰን ስለሆነ የምትደገፊበት ነገር አይደለም። 18 የጡረታ ዓመት የሞላው ሰው 20 እስኪሞላ ድረስ ከስንብት የሚጠብቀው ሕግም አለ። አንቺ 15 ላይ ነሽ። የሚቀጥለው ቦርድ ሲያይሽ 16 ገደማ ትሆኛለሽ። ያ ጥላ አይደርስልሽም።

ዓመቶችሽን ራስሽ ቁጠሪያቸው፤ «15 ሞልቶኛል» ብለሽ አትለፊው። ለጡረታ የሚቆጠር ዓመት ቢያንስ 50 ነጥብ ያለው ነው። አባል በመሆንሽ ብቻ በዓመት 15 ነጥብ አለሽ። አንድ የድሪል ቅዳሜና እሁድ አራት ነጥብ ነው፤ በዓመት 48። የሁለት ሳምንቱ ልምምድ ደግሞ በቀን አንድ። ሳትቀሪ ከሄድሽ 77 ይሞላል። በወለድሽባቸው ሁለት ዓመታት ግን ስንት ድሪል ቀረሽ? ከ50 በታች የወረደ ዓመት ካለ ለጡረታ አይቆጠርም። የነጥብ መግለጫሽን አውጪና መስመር በመስመር እዪው። ምናልባት 15 ያልሽው 14 ይሆናል። ምናልባት የሠራሽበት ነገር ሳይመዘገብ ቀርቷል።

ይኼን ሁሉ የምልሽ ለመተው የሚከፈለውን ዋጋ እንድታውቂው ነው። ዛሬ ብትለቂ እነዚህ ዓመታት በ60 ዓመትሽ የሚጀምረውን ወርሃዊ ጡረታ አያስገኙም። 20 መሙላት አለባቸው። አምስት ዓመት ቀርቶሻል። ብዙ ሰው ደግሞ «ድሪል ይቅርብኝ እንጂ ስሜ ይቆይ» ብሎ አይአርአር ወደሚሉት መጠባበቂያ ይዛወራል። እዚያም ብትሆኚ ቦርዱ ይከተልሻል፤ ሰዓቱ አይቆምም። ነጥብ መሰብሰቡም ይከብዳል። ይኼን ሳያውቁ ገብተው የተጎዱ ስላሉ ነው የማነሣልሽ።

ሁለተኛው ቦርድም ባይሳካ ሌላ መንገድ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። መኮንንነታቸው አብቅቶ በበታች ሹምነት እንደገና ተቀጥረው 20 ዓመታቸውን የሞሉ ሰዎች አሉ። ጦሩ መቀበል አለበት፤ መብት አይደለም። ልብም ይጠይቃል። አንቺ ግን ከተራ ወታደርነት ስለተነሣሽ ያን ሕይወት ታውቂዋለሽ። ምናልባት ከሌላው ይልቅ ላንቺ ይቀላል። ለማንኛውም ይሄን ከኋላ ኪስሽ አስቀምጪው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። «ተያቸው» ሲልሽ ውስጥሽ የተቆረጠው ነገር ምን ነበር? እኔ ሳነበው ቁጣው በጦሩ ላይ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ናፍቆት አለ። ሁለት ፋሲካ ልጆቹን ነጭ አልብሶ ብቻውን ቤተ ክርስቲያን የወሰደ አባት ነው። ዶሮ ወጡ ፊት ቁጭ ብሎ «እናታችሁ ሥራ ናት» ያለ ሰው ነው። አንቺን የጎዱሽ መስሎት ተናደደ፤ በዚያው የራሱን ድካም ተነፈሰ። እንደገመትኩት ከሆነ «ተያቸው» የሚለው ቃል ላይ መከራከር አያዋጣችሁም። ጠይቂው፦ «ከዚህ ሁሉ ዓመት ላንተ ከሁሉ የከበደህ የቱ ነው?» ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው። መልስ አትስጪ፣ አታስረጂ። አንድ ምሽት ለዚህ ብቻ ይሁን።

ሌላ ምሽት ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ይዛችሁ ተቀመጡ። ምክንያቱም ሻለቃ መሆን ቤታችሁን ይነካል። በተጠባባቂ ጦር ውስጥ በቦርድ መመረጥ ብቻውን ማዕረጉን አይሰጥሽም። ዩኒት ውስጥ ሆነሽ ማዕረጉን ለመልበስ የሻለቃ ቦታ መያዝ አለብሽ። ያ ቦታ ካለሽበት አጠገብ ላይኖር ይችላል። የሦስት ሰዓት መንገድ ነድተው ለድሪል የሚሄዱ ሻለቆች አሉ። ደግሞ ሻለቃ አብዛኛውን ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ያለ ዕቅድ አውጪ ነው። በሁለት ድሪሎች መካከል ያለው ኢሜይልና የማታ ስልክ ይበዛል፤ አብዛኛው ክፍያ የለውም። አንቺ ይህን ሥራ ትፈልጊዋለሽ? ወታደሮችሽን ትወጃቸዋለሽ፣ ደብዳቤሽ ላይ ያስታውቃል። ከእነሱ ርቆ ወረቀት ላይ መሥራትስ? «ሻለቃ» የሚለውን ስም ብቻ ፈልገሽው ከሆነ ሥራው ሲመጣ ይከብድሻል። ሥራውን ወደሽው ከሆነ ግን ተዋጊለት እላለሁ።

አንድ መሃል መንገድ አለ። ከዩኒት ወጥቶ በመደበኛው ጦር መሥሪያ ቤት ውስጥ በግል የሚመደብ የተጠባባቂ መኮንን አለ። አይኤምኤ ይሉታል። ጊዜው ብዙውን ጊዜ ከአለቃ ጋር ተነጋግሮ የሚወሰን ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ የግድ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ መሆንሽ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ዋሽንግተንና አካባቢዋ በጦር መሥሪያ ቤት የተሞላ ነው። የሻለቃ ቦታ ክፍት መሆኑን ጠይቂ። ፋሲካን ቤትሽ የምትውይበት መንገድ ሊሆን ይችላል።

«እሺ፣ ልሞክር» ብትይ ከምን ልጀምር ትያለሽ። ከጠፋው ሪፖርት። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። የተዛወረውን የበላይሽን ፈልጊው። ኢሜይል ላኪ፣ ካልመለሰ ደውዪ፣ ካልተገኘ በቀድሞው ዩኒት ያለውን የሰው ኃይል ክፍል ያዥ። ዘግይቶ የሚገባ ምዘና ተቀባይነት አለው። ሰውየው «ያኔ የሠራሽውን ረስቼዋለሁ» እንዳይልሽ አንቺው አስታውሺው። የምዘና መደገፊያ ቅጹን ሞልተሽ አብረሽ ላኪለት። ስንት ተሽከርካሪ፣ ስንት ወታደር፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ያለ አደጋ ስንት ጉዞ፤ ቁጥር ይኑረው። እኛ ራሳችንን ማወደስ ያሳፍረናል፤ «ሰው ይመስክር» እያልን ነው ያደግነው። እዚያ ግን አንቺ ካልጻፍሽው ሌላ የሚጽፍልሽ የለም። እምቢ ካለ ወይም ጨርሶ ከጠፋ የጦሩን አባላት አቤቱታ ወደሚቀበለው የኢንስፔክተር ጀነራሉ ቢሮ መሄድ መብትሽ ነው። ሰው መክሰስ እንዳይመስልሽ።

የሻምበሎች ኮርስሽን ጨርሰሻል ብዬ እገምታለሁ። ለሻለቃነት የሚጠየቀው እሱ ነው። ግን የምስክር ወረቀቱ ፋይልሽ ውስጥ አለ? በእጅሽ መያዝ አይበቃም። ከፊሉ ከቀረሽ ደግሞ ለተጠባባቂዎች በከፊል በርቀት፣ በከፊል በአካል ይሰጣል። በአካል ለሚሰጠው ሆስፒታሉ ፈቃድ ሊከለክልሽ አይችልም፤ የተጠባባቂዎችን ሥራ የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ አለ። አስቀድመሽ ማሳወቅ ግን ያንቺ ድርሻ ነው።

ከዚያ ወደ ፎርት ኖክስ ደውዪ። የሰው ኃይል ዕዙ እዚያ ነው፤ የሎጂስቲክስ መኮንኖችን ጉዳይ የሚከታተል ሰው አለ። «ባለፈው ቦርድ አላለፍኩም፤ ፋይሌን አብረን እንየው» በዪው። ሥራው ነው። ደግሞም አንድ ሻለቃ ወይም ሌተና ኮሎኔል፣ በተለይ ቦርድ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ካገኘሽ፣ ፋይልሽን ስጪውና «ሦስት ደቂቃ ብቻ አንብበውና ምን እንዳየህ ንገረኝ» በዪው። ስሜትሽን ለመጠበቅ ሲል እንዳያለዝበው አደራ በዪው።

ለቦርዱ ሰብሳቢ ደብዳቤ መጻፍም ይፈቀዳል። እኔ ግን እንዳትቸኩዪ እላለሁ። ሪፖርቱ በጊዜ ከገባ ደብዳቤ አያስፈልግሽም። ካልገባ አጭር ይሁን። የነበርሽበትን ቦታ፣ የሠራሽውን፣ ሪፖርቱ ያልደረሰበትን ምክንያት በጥቂት መስመር። ማንንም አትውቀሺ፤ ስለ አነጋገርሽ የሚያነቃሽን ነገርም እዚያ አታንሺው። የቦርዱ አባላት ሁሉ ያነቡታል።

አባትሽን ወደ መጨረሻ ያቆየኋቸው ከሁሉ ስለሚከብዱሽ ነው።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን የሆነውን ከሌሎች ሰምቻለሁ። ስንት ዓመት የለበሱትን ማዕረግ አውልቀው የወጡ ሰዎች ናቸው። ጠፍተው አልነበረም፣ ሰንፈው አልነበረም። ከዚያ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው ልጆቻቸውን አሳደጉ። ያን ጊዜ ስለ አባትሽ «ማዕረጋቸው ሄደ» ብለሽ አፍረሽባቸው ታውቂያለሽ? አይመስለኝም። እንግዲህ እሳቸው አንቺን በምን ዓይን የሚያዩሽ ይመስልሻል?

«ሻለቃ መቼ ነው የምትሆኚው?» የሚለውን አንቺ እንደ ዕዳ ሰምተሽዋል። ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ፤ አባትሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ግን በስልክ ለልጅ የሚሉት የሚጠፋባቸው አባቶች አሉ። «ናፈቅሽኝ» አይሉም። «ኮራሁብሽ» አይሉም። ስለሚያውቁት ነገር ይጠይቃሉ። እሳቸው የሚያውቁት ጦር ነው። አንቺ መደወል ስትቀንሺ የሚያስቡት ስለ ማዕረጉ አይመስለኝም። «ልጄን ምን ነካት» ነው የሚሉት።

ስለዚህ ደውዪላቸው። ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። «አባባ፣ ዘንድሮ አላለፍኩም። አንድ ወረቀት ጎድሎብኝ ነበር። የሚቀጥለው ላይ እንደገና እቀርባለሁ» በቂ ነው። ለመተው ከወሰንሽም ያንኑ ያህል አጭር አድርጊው። ከዚያ አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ ሠራዊቱ የተበተነ ሰሞን ቤት ገብተው የመጀመሪያውን ወር እንዴት እንዳለፉት። ምናልባት እስከዛሬ ማንም አልጠየቃቸው ይሆናል።

ባለቤትሽን ቶሎ አነጋግሪው፤ ለስልኩ ደግሞ ቅዳሜን አትጠብቂ፤ አዳማ ሲነጋ ሜሪላንድ ገና ሌሊት ነው፣ አንቺም ያን ሰዓት ነቅተሻል። የሪፖርቱን ነገር ግን ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመግባትሽ በፊት፣ እዚያው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቁጭ ብለሽ፣ ለቀድሞው የበላይሽ የመጀመሪያዋን ኢሜይል ላኪ። መልስ ሲሰጥሽ እኔንም ጻፊልኝ።